«ሥልጣኑን ከየት አገኘኸው?»፦ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ከሕግ ፋኩልቲ የተመረቅሁት በ1987 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስለነበርሁ ከክፍል ጓደኞቼ ሁሉ በዕድሜ የገፋሁ ነበርሁ። ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ሳልጀምር፣ ነሐሴ 15 ቀን አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ዋለ። አስተማሪዎቻችን በሽግግሩ ዘመን ስለሚመጣው ለውጥ ቢነግሩንም፣ የተማርንባቸው መጻሕፍት በአመዛኙ ለአሐዳዊ መንግሥት የተጻፉ ነበሩ። ስለዚህ የክልል ፍትሕ ቢሮ ሲቀጥረኝ፣ ክልል የሚባለው መንግሥት ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከቀጠሩኝ ሰዎች የተሻለ አላውቅም ነበር፤ እነሱም ከእኔ የተሻለ አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው ሥራዬ ሕግ ማርቀቅ ሆነ። የደን ውጤቶችን ዝውውር የሚቆጣጠር ደንብ እንዳረቅቅ ታዘዝሁና ሦስት ሳምንት ደከምሁበት፤ በመጨረሻውም አንቀጽ ደንቡን የተላለፈ ሰው እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል ብዬ ጽፌ በኩራት አቀረብሁ። የክፍላችን ኃላፊ በንጉሡ ዘመን ዳኛ የነበሩ አዛውንት ነበሩ። ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር ካነበቡት በኋላ፣ እስራቱ ካለበት መሥመር ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «ሥልጣኑን ከየት አገኘኸው?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም።

መልሱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 የወንጀል ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራሉ ሕግ አውጪ ሰጥቶ፣ ክልሎች በፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ባልተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ብቻ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። ያ በር ቢከፈት እንኳ የሚገባበት የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚያወጣው የመስተዳድር ምክር ቤት በሕዝብ የተመረጠው ምክር ቤት በአዋጅ ያልሰጠውን እስራት ከኪሱ ሊያወጣ አይችልም። እኔ ግን ሁለቱንም አጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘልዬ ነበር። ያቺን በቀይ የተጻፈች ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በክልል መንግሥትም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ባሳለፍኋቸው ዓመታት ሁሉ ይዣት ኖሬአለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለ እሷ ነው።

ጥያቄዋ ስትታይ ቀላል ናት። ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ የሚለውን መሰላል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ይወጣዋል። ቢሮ ስትገቡ ግን መሰላሉ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ፤ ከአዋጁ ይልቅ መመሪያው፣ ከመመሪያው ይልቅ ባለፈው ሳምንት የደረሰው ሰርኩላር ይፈራል። አንድ ጽሕፈት ቤት ከባለጉዳይ ክፍያ ሲሰበስብ ስታዩና በምን ሕግ እንደሆነ ስትጠይቁ፣ «ድሮም ይከፈል ነበር» የሚል መልስ ይሰጣችኋል። «ድሮም» የሚባል አዋጅ እንደሌለ በትሕትና፣ ነገር ግን በጽሑፍ ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው።

በጽሑፍ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የሕግ አማካሪ ሳለሁ ለአንድ የመንግሥት ፕሮጀክት የገበሬዎች መሬት ተወሰደ። በጊዜው ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ከይዞታው ለሚነሣ የገጠር ባለይዞታ፣ ከንብረት ካሳው በተጨማሪ፣ መሬቱ ከመወሰዱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። ገማች ኮሚቴው ግን የአምስቱን ዓመት መረጃ መሰብሰብ ታክቶት ምርቱ ደካማ የነበረበትን የአንድ ዓመት ገቢ ወስዶ በአሥር አባዛው። ስሌቱን አይቼዋለሁ። ስሕተት መሆኑንም ዐውቄ፣ ኮሪደር ላይ ያገኘሁትን የኮሚቴውን ሰብሳቢ «ይህ ነገር ያስከስሳችኋል» አልሁት፤ ራሱን ነቀነቀና ተለያየን። ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ጉዳዩ በይግባኝ ፍርድ ቤት ሲደርስ የመንግሥትን ወገን ይዤ የቆምሁት እኔው ራሴ ነበርሁ። ከይግባኝ ባዮቹ አንዱ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የቆሙ ሽማግሌ፣ ከብብታቸው ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ የተማሪ ደብተር አውጥተው ለዳኛው አቀረቡ። በልጃቸው የእጅ ጽሑፍ፣ ዓመት በዓመት፣ ከየትኛው ማሳ ስንት ኩንታል ጤፍና ስንት ኩንታል ሽምብራ እንደገባ፣ በስንት ብር እንደተሸጠ ተመዝግቦበታል። አምስቱም ዓመት ነበሩ። ዳኛው ደብተሩን ካገላበጡ በኋላ ወደ እኔ ዞረው የመንግሥት መዝገብ የት እንዳለ ጠየቁኝ። መንግሥት መዝገብ አልነበረውም፤ መዝገብ የነበራቸው ሽማግሌው ነበሩ። የእኔም ማስጠንቀቂያ ኮሪደሩ ላይ ከተነገረበት አልፎ የትም አልተጻፈም። ተረታን፤ መረታታችን ተገቢ ነበር። የሚቆጨኝ መረታቱ ሳይሆን፣ አንዲት ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ፕሮቶኮል ላይ ባስመዘግባት ኖሮ እኚያ ሰው ሁለት ክረምት ፍርድ ቤት ባልተመላለሱ ነበር። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱ ተቀይሯል፤ የኮሪደር ምክር ግን ዛሬም እንደ ቀድሞው ዋጋ የለውም።

ማስታወሻው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ድንጋጌውን ጥቀሱ፣ አደጋውን ንገሩ፣ ከዚያም ሕጉ የሚፈቅደውን ሌላ መንገድ አሳዩ። አለቃ «አይቻልም» ብቻ የሚለውን የሕግ ባለሙያ ሦስት ጊዜ ይሰማዋል፤ በአራተኛው ሳይጠይቀው ያደርገዋል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ትዕግሥቴ አጭር መሆኑን ባልደረቦቼ ያውቃሉ። ሕግ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የምትሠሩት ደግሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም ክልላችሁ በመረጠው የሥራ ቋንቋ ነው። በጥሩ ውጤት የተመረቀ ወጣት ፍርድን፣ ብይንንና ትእዛዝን ሳይለይ ሲጽፍ፣ ይርጋን «የጊዜ ገደብ ማለፍ ክርክር» እያለ በዙሪያው ሲዞር አይቻለሁ። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ቃሉን በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም አላስተማረውም። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይደነግጋል፤ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987ም በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ሲኖር አማርኛው እንደሚበልጥ ይናገራል። እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ የሚከራከር ጠበቃ ታዲያ የሚበልጠውን ጽሑፍ ሳያይ ችሎት የሚገባ ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የታተመውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አማርኛ በየዕለቱ ሁለት ገጽ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ያስቸግራል፤ ቢሆንም ዳኛው የሚያነበው እሱን ነው። በክልል የምትሠሩ ደግሞ የክልላችሁን የሕግ ጋዜጣ፣ የአማራው ዝክረ ሕግም ሆነ የኦሮሚያው መገለታ ኦሮሚያ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምራችሁ ሰብስቡ። በስብሰባ መካከል ቁጥሩን ጠቅሶ ገጹን የሚከፍት ወጣት ከሦስት ተናጋሪዎች ይልቅ ይደመጣል።

በ2003 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወርሁ፤ በመጀመሪያ በመምህርነትና በሕግ አገልግሎት ኃላፊነት፣ በኋላም በምክትል ፕሬዚዳንትነት። ግቢው በክልሉ መሬት ላይ ቢሆንም ተጠሪነቱና በጀቱ የፌዴራል ነው፤ ስለዚህ ትናንት በክልሉ ስም የጻፍሁት ደብዳቤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ስም ልመልሰው ጠረጴዛዬ ላይ የጠበቀኝ ጊዜ ነበር። ያን መዝገብ ለሌላ ባለሙያ አስተላለፍሁት፤ የራሴን ክርክር ራሴው ብረታው ለማንም አያምርም ነበርና።

ከክልል መንግሥት የመጣ ሰው በዩኒቨርሲቲ የሚደርስበትን ድንጋጤ አስቀድሜ ባውቀው ደግ ነበር። በቢሮ የፈረማችሁት ደብዳቤ ይፈጸማል። በሴኔት ግን ጠዋት ያቀረባችሁት ሐሳብ እስከ ማታ ይብጠለጠላል፤ የሚያብጠለጥሉትም በየሙያቸው ከእናንተ የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001ን አንቀጽ እየጠቀስሁ ሥልጣኑ የአስተዳደሩ መሆኑን አስረዳ ነበር። አንድ የፊዚክስ መምህር እጃቸውን አውጥተው «ሥልጣኑ እንዳለህማ ዐወቅን፤ ምክንያቱን ነው የጠየቅንህ» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የቀዩ እስክሪብቶ ጥያቄ ለካ ግማሽ ብቻ ነበር። ድንጋጌው ለመወሰን ይፈቅድልህ ይሆናል እንጂ ለምን እንደወሰንህ ከመናገር ነፃ አያወጣህም።

ይህ ሁለተኛው ግማሽ በተማሪዎች ዲሲፕሊን ጉዳይ ተፈተነ። በፈተና ማጭበርበር የተከሰሰ ተማሪ ሳይጠራና ሳይጠየቅ እንዲሰናበት ኮሚቴው ወስኖ ቃለ ጉባኤውን ላከልኝ። ማስረጃው ጠንካራ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም፤ እኔም አልተጠራጠርሁም። ቢሆንም ክሱ በጽሑፍ እንዲደርሰው፣ መልስ እንዲሰጥ፣ ምክንያቱም በውሳኔው እንዲጻፍ ብዬ መለስሁት። መምህራኑ አጭበርባሪ ታቅፋለህ ብለው አኮረፉኝ፤ አንደኛው ለአንድ መንፈቅ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። ልጁ ቀርቦ ተሰማ፤ ከፊቱ የተቀመጠውን ወረቀት አይቶ ዝም አለ፤ ውሳኔውም ያው ስንብት ሆነ። የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ በሁለተኛው ቃለ ጉባኤ መጨረሻ የተማሪው ፊርማ መኖሩ ነው። ይግባኝም አላለም። ያን ሁሉ ድካም ለአንድ ፊርማ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ አዎ፣ ለእሱ ነው።

ስለ ግዥ ብዙ አልናገርም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚያልቅ ሁሉም ዓመቱን ሙሉ ያውቃል፤ ሰኔ ሲገባ ግን ሁሉም ይደነግጣል። በዚያ ወር የሚቀርብላችሁን ውል ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ በተለይም «አስቸኳይ» የሚል ማስታወሻ የተለጠፈበትን።

ስለ ሹመት ግን ልናገር። ምክትል ፕሬዚዳንት የሆንሁ ዕለት አንድ የድሮ ባልደረባዬ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ መረቀኝ፤ ቀልዱን ነው። ከአባቶቻችን ተረቶች ሁሉ እንደዚህች የጎዳን የለም ብዬ አምናለሁ። ሹመት ሲመጣላችሁ የሚመለሱበትን ሥራ አስቀድማችሁ ያዙ። እኔ በምክትል ፕሬዚዳንትነቴ ዘመን ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን የውል ሕግ ማስተማሬን አላቋረጥሁም። ተማሪዎች ጠቃሚ ነገር ሆነው አገኘኋቸው፤ ሹም መሆኔን እያወቁ «መምህር፣ ያነበቡት ቁጥር 1724 አይደለም፣ 1723 ነው» ይሉኝ ነበር። ልክ ነበሩ፤ የመንግሥት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የሚናገረውን 1724ን እየጠራሁ፣ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚናገረውን 1723ን አንብቤላቸው ነበር። ስሕተቱን በነጋታው ለቦርድ በሚቀርብ ረቂቅ ላይ ደግሜው ኖሮ፣ ያረምሁት በእነሱ ምክንያት ነው። ወንበሩን በቀላሉ ለመልቀቅ የቻልሁትም የመማሪያ ክፍሉ ስለነበረኝ ነው።

ርክክቡ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈጸመ። ቁልፉን፣ ማኅተሙንና የተሽከርካሪውን ሰነድ አስረክቤ ስጨርስ፣ ተተኪዬ የአበባ እቅፍ ይዘው ከውጭ ለሚጠብቁት እንግዶች ሊወጣ ተነሣ። ከመውጣቱ በፊት አንድ ወረቀት ሰጠሁት፤ በየፍርድ ቤቱ ያሉ ሰባት መዝገቦች ከነቁጥራቸውና ከነቀጠሯቸው ተዘርዝረውበታል። በአምስተኛው መሥመር ላይ ዐይኑ ቆመ። ፍርዱ ከተሰጠ ሃምሳ ስድስት ቀን ሆኖታል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለይግባኝ የተፈቀደው ደግሞ ስድሳ ቀን ነው። ጸሐፊዋን ጠርቶ እንግዶቹ ሻይ እንዲቀርብላቸው አዘዘና ወንበር ስቦልኝ ተቀመጥን፤ የይግባኙንም ቅሬታ ነጥቦች ማውጣት ጀመርን።