ሰሙ ደመወዝ፣ ወርቁ ይሉኝታ

ከደብረ ማርቆስ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ቢሮ፣ አንዴ ባጃጅ ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ። ሌላ ጊዜ በሁለት አንቀጽ እመልስ ነበር። ላንተ ግን ማሳጠር አቃተኝ።

ለሌላው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ 27 ዓመቱ ነው። አካውንቲንግ ተምሮ አንድ የግል ባንክ ካውንተር ላይ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ተቆራርጦ እጁ የሚገባው 11,400 ብር ነው። ከአራት ወር ወዲህ ግን ቅዳሜ ከሰዓትና በሳምንት ሁለት ማታ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እየሄደ ረከቦት፣ በርጩማ፣ የጫማ መደርደሪያ ይሠራል። ዘጠኝ ዕቃ ሸጦ የእንጨቱ ዋጋ ሲነሣ 7,200 ብር ቀርቶታል። «መላጊያ ስገፋ ሰዓቱ የት እንደሚገባ አላውቅም፤ ካውንተር ላይ ግን ሰዓቱ ቆሞ ያየኛል» ይላል። አባቱ ቢቸና አካባቢ ጤፍ ያርሳሉ። ሐሳቡን ሲነግራቸው «በሬ ሸጬ ያስተማርኩህ ሰጋቱራ ልትጠርግ ነው?» አሉት። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ገንዘብ ልከተል ወይስ ልቤን?»

አገርህ የቅኔ አገር ነውና በዚያው ልመልስልህ። የደብዳቤህ ሰሙ ገንዘብ ነው። ወርቁ ይሉኝታ ነው።

አንተ የሒሳብ ሰው አይደለህ? እስቲ አብረን እንቁጠር። እንደነገርከኝ እንጨት ቤት በሳምንት አሥር ሰዓት ያህል ትሠራለህ። በ16 ሳምንት 160 ሰዓት ነው። 7,200 ብሩን ስታካፍለው በሰዓት 45 ብር ይመጣል። ባንኩ ቅዳሜን ጨምሮ በወር 190 ሰዓት ገደማ ያቆምሃል፣ እሱም በሰዓት 60 ብር ነው። ልዩነቱ 15 ብር ነው። ያውም መሮ በወጉ መያዝ ከጀመርክ ገና አራት ወርህ ነው። አውቃለሁ፣ አሁን የሰው ማሽን ነው የምትጠቀመው፣ የቤት ኪራይም የመብራትም አትከፍልም፣ ባንኩ ደግሞ በስምህ 11 በመቶ ጡረታ ያስገባልሃል። እሱን ሁሉ ደምረው፣ ልዩነቱ ይሰፋል። ቢሰፋም ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም። እንቅልፍ ያሳጣህ ሌላ ነው። ደብዳቤህ ውስጥ «ሰው ምን ይላል» የሚለውን አራት ቦታ ጽፈኸዋል፤ «ደመወዝ» የሚለውን ሁለት ቦታ።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ዳንግላ አካባቢ ነው። አባቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ሲወረውር ይውል ነበር። ትምህርት ቤት ፎርም ስንሞላ «የአባት ሥራ» የምትለዋ መስመር ላይ «ገበሬ» ብዬ እጽፋለሁ። አንዲት ቃዳ መሬት አልነበረንም። አካውንቲንግ ገብቼ አሥራ አንድ ዓመት ባንክ የሠራሁት ያቺን መስመር ለመሸሽ ይመስለኛል። «የት ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ «ባንክ» ማለት ደስ ይለኝ ነበር፣ በቃ እዚያ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ሰዓት የብር ማሰሪያ ላስቲክ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ መወርወሪያውን ከቆጥ ላይ አውርጄ አየሁት። ጣቱ ያረፈበት ቦታ እንደ መስታወት ለስልሷል። በማግሥቱ ሥራ ለቀቅኩ ብልህ ውሸት ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን ባሕር ዳር ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ልጆችን አማክራለሁ። ደመወዙ ከባንኩ ያንሳል፣ ወር ሲያልቅ ቤት ውስጥ ትንሽ እንነታረካለን።

ስለዚህ አባትህ ያሉህን ሳነብ የሰማሁት የሳቸውን ድምፅ ብቻ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአባትህን ሞፈርና ቀንበር ማን ነው የሚጠርበው? እርግጠኛ ነኝ ራሳቸው ናቸው። እንጨቱን በዓይናቸው መርጠው፣ በመጥረቢያ አስተካክለው፣ ከበሬው ጫንቃ ጋር ለክተው። ለራስ ሲጠረብ የገበሬ ብልኃት ነው። ለሰው ጠርቦ ዋጋ መቀበል ሲመጣ ግን ወዲያው ውርደት ይሆናል። ማረሻውን የሚቀጠቅጥላቸውን ሰው ደግሞ እሳቸው ባይሉትም ሰፈሩ ምን እያለ እንደሚጠራው አንተም እኔም እናውቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ዓባይን ተሻግሮ መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል አንዳንዴ።

ደግሞ የሚገርመኝ፣ የኛ አገር ሰው ገንዘብ አምላኪ አይደለም። ጎንጅና ዋሸራ ቅኔ ሊማር ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የቆሎ ተማሪ «ገቢህ ስንት ነው?» ብሎት አያውቅም። ቁራሽ ይሰጠዋል፣ ያከብረዋል፤ ውሻም ይለቅበታል አልፎ አልፎ። እንጀራ የማያወጣ ሥራን ለዓላማው ብሎ ማክበር እናውቅበታለን ማለት ነው። ታዲያ መሪጌታው የተደገፉትን መቋሚያ፣ መጽሐፉ የተዘረጋበትን አትሮንስ ማን ጠረበው? ስሙን የሚነግርህ የለም።

ወደ አባትህ በሬ ልመለስ። በሬው ቀልድ አይደለም። አራሽ ሰው በሬ ሸጠ ማለት አንድ እጁን ሰጠ ማለት ነው። ዕዳ አለብህ፣ ክፈል። ግን የበሬ ዕዳ በበሬ ይከፈላል። ዛሬ የበሬ ዋጋ የሚቀመስ ባይሆንም በዓመትም በሁለት ዓመትም ቆጥበህ አንድ በሬ ግዛላቸው፣ ራስህ እየነዳህ ግባ። ሠላሳ ዓመት ካውንተር ላይ ቆመህ ክፈል ከተባልክ ግን እሱ ወለድ አይደለም፣ አራጣ ነው። አባትህን እወዳቸዋለሁ፣ ሳላውቃቸው። እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል፣ አንተም ተሳስተዋል ለማለት ፈርተህ ነው ወደ እኔ የጻፍከው።

አሁን ደግሞ ወዳንተ ልዙር፣ አንተንም አልምርህም።

«ፓሽንህን ተከተል» የሚሉትን ቪዲዮዎች እንደምታይ ጽፈሃል። ሥራ ልቀቁ እያሉ የሚሰብኩት ሰዎች ሥራቸው እሱን መስበክ ነው፣ እሱን አትርሳ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚጥምህ ነገር ሁሉ የዕድሜ ልክ ሥራ አይሆንም። እስካሁን የሠራኸው ደስ ያለህን ነው፣ ረከቦቱን አንድ ሳምንት አሳምረህ፣ ስትጨርስ ፎቶ አንሥተህ። አንድ ትምህርት ቤት አርባ አንድ ዓይነት ወንበር ቢያዝህስ? ሃያ ሦስተኛዋን ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ፣ አፍንጫህ ሰጋቱራ ሞልቶ፣ መብራት በየሰዓቱ እየጠፋ፣ ያዘዘህ ሰውዬ ስልክ አያነሣም። ያኔም መላጊያው ከጠራህ ሥራህ ነው። ካልጠራህ ጥሩ የዕረፍት ቀን መዝናኛ አግኝተሃል፣ እሱም ቀላል አይደለም፣ ባንክህን ይዘህ ቀጥል።

ይህን ደግሞ ባንኩን ሳትለቅ እዚያው እንጨት ቤት መሞከር ትችላለህ። ስለዚህ አትልቀቅ። ገና። ለባለቤቱ «ደስ የማይለውን ሥራ ስጠኝ» በለው። የበር ፍሬም፣ የሰው ቁም ሳጥን ጥገና፣ የተሰበረ አልጋ። አጠገቡ ሆነህ ዋጋ ሲናገር ስማ። ብዙ ጎበዝ አናጺ የሚወድቀው በእጁ ሳይሆን በአፉ ነው፣ «ስንት ነው?» ሲሉት አንገቱን ይደፋና የእንጨቱን ዋጋ ብቻ ይናገራል። ቀብድ ሳትቀበል ሥራ አትጀምር፣ ዘመድም ቢሆን። ዘመድ ከሆነማ ይበልጥ።

እንጨቱን እወቀው። ዋንዛ ለኛ አካባቢ በረከት ነው፣ ግን በእርጥቡ ቸኩለህ ከሠራኸው በበጋ ይሰነጠቅና ስምህን ይዞ ይሄዳል። አዳርቀው፣ ጊዜ ስጠው። ከውጭ የሚመጣው የተጠቀጠቀ የእንጨት ጣውላ፣ ኤምዲኤፍና ቺፕውድ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዋጋው ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቃለህ። መንገዱም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ በሚጫን ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ዕቅድ አታውጣ።

ገንዘቡን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ የስድስት ወር ወጪህን ሳታስቀምጥ የመልቀቂያ ደብዳቤ አትጻፍ። ሁለተኛ፣ ይቺን በደንብ አድምጥ፣ የሠራተኛ ብድር ሊፈቀድልህ እንደተቃረበ ጽፈሃል። አትፈርም። የብዙ ባንክ የሠራተኛ ብድር ወለዱ ዝቅ ያለው ሠራተኛ እስከሆንክ ድረስ ነው፣ የወጣህ ቀን ወደ ገበያው ወለድ ይዞርብሃል። አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ሥራውን እየጠሉ እስከዛሬ የተቀመጡትን ያሰራቸው ደመወዙ አይደለም፣ ያቺ ፊርማ ናት። ማሽን ስትፈልግ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ የሚባል አሠራር አለ፣ ከቆጠብክ አበዳሪው ድርጅት ማሽኑን ገዝቶልህ እየከፈልክ ትወስደዋለህ። ከዚያ በፊት ግን የእንጨት ሥራ አጭር ሥልጠና ውሰድና ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈተን። የራሴን ቤት ማሞገሴ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

የቀሩት ጥያቄዎችህ። ማስተርስ ልማር ወይ ላልከው፣ ካውንተሩን ለመሸሽ ከሆነ አትማር። አዲስ አበባ ልግባ ላልከው፣ እዚያ የሚያውቅህ ደንበኛ የለም፣ ማርቆስ ዘጠኝ አለህ። የእጮኛህ ቤተሰብ «ባንክ ቤት ነው የሚሠራው» ተብሎ ነው ልጅቷን የሰጡን ላልከው ግን መልሱ እኔ ጋ የለም። እሷን ዛሬውኑ ንገራት። ከሠርጉ በኋላ ከሰማች ተታለልኩ ብትል አልፈርድባትም።

ለአባትህ ደግሞ በስልክ አትከራከር። ለበዓል ስትሄድ አንድ ነገር ሠርተህ ሂድ፣ በርጩማም ቢሆን። ምንም አትበል፣ አስቀምጠውና ቡናህን ጠጣ። ገበሬ እንጨት አይቶ ዝም አይልም። ገልብጠው ማያያዣውን ያዩታል፣ እዚህ ጋ እንዲህ ብታደርገው ይላሉ። ያኔ ቀንበር በምን እንጨት እንደሚጠርቡ ጠይቃቸው። ማን የማንን ሥራ እንደሚንቅ የዚያን ቀን አትንገራቸው።

የላክልኝን የረከቦት ፎቶ አጉልቼ አየሁት። እጅህ ጥሩ ነው። በስተግራ በኩል ያለችው የኋላ እግር ግን አጥራለች፣ ለዚህ ነው ከሥሯ ካርቶን ያደረግክባት። ለሰው ከመስጠትህ በፊት አስተካክላት።