ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት፦ ስለ ሥጋ ደዌና ስለ «ዘር»

ልጆቼ፣

የቆዳ ሐኪም ሆኜ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድ ቀን መልከ መልካም ወጣት ገባና «ዘሬ ንጹሕ ነው ብለው ይጻፉልኝ» አለኝ። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የእናቱ አባት የሥጋ ደዌ ታማሚ እንደነበሩ ሰሙ። ዓይኑን አስጨፍኜ፣ ጥጥ አሹዬ ክንዱንና ጀርባውን ነካካሁት። በነካሁት ቁጥር «እዚህ» እያለ በጣቱ አመለከተ። ጤነኛ መሆኑን ጻፍኩለት። ስለ ዘሩ የምጽፈው ግን አልነበረኝም።

ሥጋ ደዌ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው። ኖርዌያዊው አርማወር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. እስኪያገኘው ድረስ የአገሩ ታላላቅ ሐኪሞችም በዘር የሚወርድ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ አያቶቻችንን አልወቅስም፤ አባትና ልጅ ተከታትለው ሲታመሙ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ዘር ምንም ድርሻ የለውም ብዬ ባልፍ ግን እዋሻችኋለሁ። ከመቶ ሰው 95ቱ ያህል ባክቴሪያውን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ የቀሩት ለምን እንደማይቋቋሙ በከፊል የሚወሰነው በዘረ መል ነው። በ2004 በቬትናም ቤተሰቦች ፓርክ 2፣ በ2009 በቻይና ኖድ 2 የተባሉ ዘረ መሎች ከተጋላጭነት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። በ1973 የታተመ የህንድ ጥናት ደግሞ ከፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላውም የታመመው 60 በመቶ ገደማ፣ ተመሳሳይ ባልሆኑት 20 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። እኔን የሚያስገርመኝ የቀረው 40 በመቶ ነው፦ ዘረ መላቸው አንድ ሆኖ አንዱ ታመመ፣ አንዱ ዳነ። የሚወረሰው የመከላከል አቅም ነው፤ ባክቴሪያው ካልገባ ደግሞ ማንም በዘሩ ብቻ አይታመምም።

እናም ለጋብቻ ስትጠያየቁ ሰባት ቤት አትቁጠሩ። ይልቅ ሕክምና ካልጀመረ ታማሚ ጋር ለረጅም ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር የኖረ ዘመድ ካላችሁ አስመርምሩት፤ ምልክቱ 20 ዓመት ቆይቶ ሊወጣ ይችላልና።

ይህን ለዚያ ወጣትም ነገርኩት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «አያቴን ያስታመመችው እናቴ ናት። እሷንስ ያዩልኛል?»

በማግስቱ ይዟቸው መጣ። ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ የሳንቲም ያህል ነጣ ያለ ቦታ ነበራቸው። በጥጡ ነካሁት፤ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ዝም አሉ። በነጻ የሚሰጠውን መድኃኒት ስድስት ወር ወስደው ዳኑ።