«እስከ ዓርብ» የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኮምቦልቻ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ለአንድ የውጭ አገር እንግዳ «ክፍልዎ እስከ ዓርብ ይዘጋጃል» ለማለት «ዩር ሩም ዊል ቢ ሬዲ አንቲል ፍራይዴይ» ብዬ ጻፍኩለት። እርሱም «ታዲያ ከዓርብ በኋላ የት ላድር ነው?» ብሎ መለሰልኝ። ባልደረባዬ «ባይ» ማለት ነበረብሽ አለችኝ። ለእኔ ሁለቱም «እስከ» ናቸው። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ፤ አማርኛችን «እስከ»ን ሁለት ሥራ ስለሚያሠራት ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ይውላል። ነጋዴው ፍየል ነጂውን «እስከ ሰኞ ባቲ ግባ» ቢለው፣ ቅዳሜም ገባ እሑድ ማታ ግድ የለውም፤ ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። ይህ «ባይ» ነው። «እስከ ሰኞ ባቲ ቆይ» ቢለው ግን ሰኞ እስኪመጣ ንቅንቅ የለም። ይህ «አንቲል» ነው። ፍየል ነጂው የማይሳሳተው ግሱን ስለሚሰማ ነው፦ መግባት አንዴ ተፈጽሞ ያበቃል፤ መቆየት ግን ይዘልቃል። የአንቺ «ሬዲ» ለእንግሊዝኛው ሰው የሚዘልቅ ነገር ነውና፣ እንግዳሽ ክፍሉ ዓርብ የሚወሰድበት መስሎት ደነገጠ።

ደሴ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን እኔም ሰሌዳ ላይ ደብተራችሁን «አንቲል ተርስዴይ» አስረክቡ ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ተማሪ እስከ ሐሙስ ድረስ በየቀኑ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖር ሰነበተ። ሊያሾፍብኝ ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ከእርሱ ጋር ነበር።

ሲያጠራጥርሽ በ«እስከ» ፈንታ «ሳያልፍ» በዪ። «ክፍልዎ ዓርብ ሳያልፍ ይዘጋጃል» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ባይ»። «ምግብ ቤቱ 4 ሰዓት ሳያልፍ ክፍት ነው» ግን አያስኬድም፤ ስለዚህ «አንቲል»። (የምሽቱን 4 ሰዓት ለእንግዳ 10 ብለሽ ጻፊለት፤ አለዚያ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።)

አሉታ ሲመጣ ተጠንቀቂ። «ኖት ሬዲ አንቲል ፍራይዴይ» ማለት ዓርብ ይዘጋጃል ማለት ነው፤ የሚቆየው አለመዘጋጀቱ ነዋ!

አሁን «ባይ ፍራይዴይ» ብለሽ አስተካክለሽ ላኪለት፤ ስንት ቀን እንደሚያድርም ጠይቂው። ያን ጊዜ «አንቲል»ን የሚጽፈው እርሱ ነው።