ቆርቆሮን ሳያበላሹ ስለ ማንሣት
ወንድሜ፣ የበሰበሰውን ሞራሌ (የጣሪያ ቆርቆሮ የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት) ለመቀየር ቆርቆሮውን ሳያበላሹ አንሥተው መልሰው ለመምታት እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። ሱሉልታ ባለው ቤቴ የገጠመኝ ይኸው ስለሆነ፣ እኔን ያስከፈለኝ እርስዎን እንዳያስከፍልዎት የማውቀውን እነግርዎታለሁ።

አንደኛ፣ ከመካከል አይጀምሩ። ኮልሞው (የጣሪያውን አናት የሚከድነው ቆርቆሮ) ይቅደም፤ ከዚያ የላይኛው ረድፍ፣ በመጨረሻ የታችኛው።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ቁራጭ ፌሮ ይዞ ጣሪያዎ ላይ እንዳይወጣ። እኔ የቀጠርኩት አናጢ በሰፈሩ የተመሰገነ ነበር፤ ሆኖም ሚስማሩን በመንቀል ፈንታ ፌሮውን ከቆርቆሮው ሥር ሰክቶ ወደ ላይ ፈነቀለው። የደረቀ ባሕር ዛፍ የዛገ ሚስማርን አጥብቆ ስለሚይዝ ሚስማሩ ባለበት ቀረ፣ ቆርቆሮው ተቀደደ፣ ጉብታውም ተጨፈለቀ። የተጨፈለቀ ጉብታ በመዶሻ ቢቃና እንኳ ከጎኑ ካለው ቆርቆሮ ጋር አይገጥምም፤ ነፋስ የሚነዳው ዝናብ በዚያው ክፍተት ይገባል። ሰውየው ግን «ቆርቆሮው አሮጌ ስለሆነ ነው» ብሎ የቀን ሒሳቡን ሳያጎድል ተቀብሎ ሄደ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ቆርቆሮዬ ባለ 28 ጌጅ ነበርና፣ አሁን ብዙው ሰው ከሚገዛው ባለ 35 እጅግ ይወፍራል። (ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው እንደሚወፍር ሻጭ ሁሉ አይነግርዎትም።)

የቀረውን ከልጄ ጋር አነሣነው፤ አንድም አልተቀደደብንም። የሚስማሩን ራስ በመጀመሪያ ቀስ ብለን ወደ ታች መታነው፤ ያን ጊዜ ዝገቱ ከእንጨቱ ይላቀቃል። ቀጥሎም በሁለት ጉብታዎች ላይ ጣውላ አጋድመን፣ ጉጠቱን በጣውላው ላይ አስደግፈን ነቀልን። እምቢ ያለውን የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ በቆርቆሮውና በሞራሌው መካከል አስገብተን ቆረጥነው። ግራይንደር አላስነካሁም፤ ፍንጣሪው የዚንክ ሽፋኑን ስለሚያቃጥል ቦታው ቶሎ ይዝጋል።

እያንዳንዱን ቆርቆሮ ሳያነሡ በጠመኔ ቁጥር ይጻፉበት፤ አዲሱም ሞራሌ በትክክል በአሮጌው ቦታ ይግባ። ቀዳዳውና ሞራሌው ካልተገናኙ ሌላ ቀዳዳ ለመብሳት ይገደዳሉ፣ የቀድሞው ሁሉ ደግሞ ማፍሰሻ ይሆናል። መልሰው ሲመቱ ከፊተኛው ሚስማር ጥቂት የሚወፍር ባለ ጎማ ብሎን ይጠቀሙ። ሲራመዱም ሚስማር በተሰለፈበት መስመር ላይ ብቻ ይርገጡ፣ ከሥሩ እንጨት አለና። ያነሡትን መሬት ላይ ሲደረድሩ ድንጋይ ይጫኑበት፤ ነፋስ ያነሣው ቆርቆሮ ሰው ይቆርጣል።