እጅ ሲያዝ ለማስለቀቅ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው፤ ከሥራ የምወጣው አምሽቼ ነው። ሰው እጄን ቢይዘኝ አስለቅቄ ለማምለጥ የሚበቃ ጉልበት እፈልጋለሁ። ጂም ለመግባት ግን አቅሜ አይፈቅድም። ቤት ውስጥ ምን ልሥራ?

መልስ፦ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ይበቃዎታል። ውሃ ሞልተው በየእጅዎ አንጠልጥለው፣ ትከሻዎን ሳያጎብጡ 30 እርምጃ ይሂዱ፤ አረፍ እያሉ 4 ጊዜ። ይህ የመጨበጥ ኃይልን ይጨምራል። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው አንዱን ጀሪካን ወደ ጎድንዎ ይሳቡ፤ በየእጅ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ብዙዎች እዚህ ላይ ጀርባቸውን አጉብጠው ወገባቸውን ይጎዳሉ። ጀርባ ቀጥ፣ ጉልበት እጥፍ ይበል። ፑሽአፕም (በእጅ መሬት ገፍቶ መነሳት) ይሥሩ፤ ከከበደዎት ግድግዳ ተደግፈው ይጀምሩ። ቀን እየዘለሉ በሳምንት 3 ቀን ይሥሩ።

ማስለቀቁ ግን ከጉልበት ይልቅ ዘዴ ይፈልጋል። የያዥ እጅ ደካማ ጎኑ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነው። ዝም ብሎ ወደ ኋላ መጎተት ከ4ቱ ጣቶች ጋር መታገል ነው። የእጅ አንጓዎን ቀጭን ጎን ወደዚያ ክፍተት ያዙሩ፤ አንድ እርምጃ ጠጋ ብለው፣ ክርንዎን አጥፈው ወደ ያዡ እየገፉ እጅዎን መንጭቀው ያውጡ። ከጓደኛ ጋር መጀመሪያ በቀስታ ይለማመዱት፣ አንጓ ይወለማልና።

የቀረው የእግር ሥራ ነው። ለዚያ የደሴ ዳገት ሞልቷል፤ 15 ሰከንድ ሽቅብ ሩጠው በእርጋታ ይውረዱ፣ 6 ጊዜ።