መልስ፦ የአሜሪካ መንግሥት «ተዘጋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«እንዲህ ሀብታም አገር እንዴት ገንዘብ አልቆበት መሥሪያ ቤት ይዘጋል?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ገንዘቡ አላለቀም። ያለቀው የማውጫ ፈቃዱ ነው። የበጀት ዓመታቸው ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ኮንግረስ፣ ማለትም ሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ 12 የበጀት ሕጎች ማጽደቅ አለበት፣ ግን በሰዓቱ የሚጨርስበት ዓመት ብርቅ ስለሆነ ለጥቂት ሳምንታት የሚያቆይ ጊዜያዊ በጀት ያወጣል። እሱም ካላለፈ፣ በቃ፣ ተዘጋ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በጀት ቢዘገይም መሥሪያ ቤቶቹ ወጪ ቀነስ አድርገው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ «ኮንግረስ ያልፈቀደውን ወጪ ሕጉ ይከለክላል፣ ሥራ ይቁም» የሚል ትርጉም ሰጠ። ነገሩ ከዚያ ወዲህ የፖለቲካ ዱላ ሆነ።

100 አባላት ባሉት የኮንግረሱ ላይኛው ምክር ቤት፣ ሴኔት፣ ውስጥ ብዙ ጊዜ 60 ድምፅ ስለሚያስፈልግ አናሳው ፓርቲም ማገት ይችላል። በ2018 መጨረሻ ትራምፕ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ካልተሰጠኝ በጀቱን አልፈርምም ብሎ መንግሥት 35 ቀን ተዘጋ፣ ገንዘቡን ሳያገኝ ተከፈተ። በ2025 ደግሞ ዴሞክራቶች የጤና መድን ድጎማው ይራዘም ብለው 43 ቀን ተዘጋ፤ እነሱም ማራዘሚያውን ሳያገኙ ተከፈተ። እኔ እንደማየው ግትር ያለው ወገን ብዙም አይቀናውም።

ቋሚ የፌዴራል ሠራተኛ በ2019 በወጣ ሕግ፣ በተዘጋበት ጊዜ ያልተከፈለው ደመወዙ ኋላ ይከፈለዋል። በኮንትራት ድርጅት በኩል የሚያጸዳውና የሚጠብቀው ግን ያ ዋስትና የለውም። ዋና ከተማቸው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዘመድ ካለህ ጠይቀው፣ ይነግርሃል።