ለእኛ ባሕር ዛፍ አጣና ነው

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሜልቦርን ተወልዳ ያደገች የጎረቤት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቢቆጥሯት አትበዛ! ለወፍ ቆጠራ ቅዳሜዬን ለምን ላቃጥል?» አለችኝ። በምዕራብ ቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራሊያ ወሰን ላይ ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው በዓመት አንድ ቀን በየጫካው ተበትኖ ጅራተ ቀይ ጥቁር ኮካቱ የሚባለውን ትልቅ በቀቀን ይቆጥራል። እንድትሄድ የጋበዝኳት እኔ ነኝ። መልስ ግን አጣሁ። ከዚያች ወፍ ጋር የቆየ ሒሳብ አለብኝ።

እዚህ አገር በመጣሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ በዚያው አካባቢ የመስኖ አማካሪ ነበርኩ። ያኔ ገበሬው ሁሉ ፒቮት ይፈልጋል። ፒቮት መሃል ላይ ተተክሎ እንደ አውድማ በሬ ክብ እየዞረ የሚያጠጣ ረጅም የብረት ክንድ ነው። መንገዱ ላይ ዛፍ ካለ መውደቅ አለበት። የአንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ መሃል የደረቀ ቀይ ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር።

እኔ እንጦጦ ሥር ነው ያደግሁት። ለእኛ ባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ክንድ ሲያክል ይቆረጣል። አርጅቶ ሆዱ ሲቦረቦር አይቼ አላውቅም።

አዛውንቱ ዛፉን ቀና ብለው አዩትና «ወፏ ትገባበታለች» አሉ። «ደርቋል እኮ» አልኳቸው። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ባለሙያው እኔ፣ ንድፉም የእኔ። ዶዘር መጣ። ግንዱ ሲወድቅ ተሰነጠቀና ከቀዳዳው የተሰበረ እንቁላል ፈሰሰ። አንድ ብቻ። ይቺ ወፍ የምትጥለው አንድ ነው። እናቲቱ እንደ ዛገ በር እየተንሲጠሲጠች በላያችን ስትዞር ዋለች። አዛውንቱ ቅርፊቱን ለቅመው ባርኔጣቸው ውስጥ አደረጉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 የሜልቦርን የኮመንዌልዝ ጨዋታ ምልክት «ካራክ» የተባለ ይኸው ጅራተ ቀይ ኮካቱ ነበር። ልጄ አሻንጉሊቱን ግዛልኝ ብላ አለቀሰች። ገዛሁላት፤ ግን ሳሎን ሲቀመጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ዛሬ በዚያ ወሰን ያሉት ከ1,500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። የሚበሉት ስትሪንጊባርክ የሚባለውን የባሕር ዛፍ ዓይነትና ቡሎክ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ነው። የስትሪንጊባርኩ አናት በእሳት ከተለበለበ ለዓመታት ይራባሉ። መንጋው የት እንደሚያርፍ ካልታወቀ ደግሞ ትልቅ ሰደድ እሳት እንዳይነሳ ብለው ጫካ በፕላን የሚያቃጥሉት ሰዎች የቱን ይተዉ? ቆጠራው ለዚህ ነው፣ ልጄ።

የዛሬ ልጆች ችግኝ ተክላችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፤ ውኃ ሊያጠጣ የሚመለስ የለም። ግን ምን አፍ አለኝ? ቡሎክ ስተክል የተነሳሁት ፎቶ ሳሎኔ ተሰቅሏል። ችግኙን ተመልሼ አላየሁትም።

የገበሬ ምክር ስጡ ስትባሉ ቶሎ አትናገሩ። እኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው፤ እሱንም በውድ ነው የተማርኩት።

ፒቮት ክብ ስለሚዞር የማሳው አራት ጥግ ውኃ አይደርሰውም። አዛውንቱ ሁሉንም ጥግ ቡሎክ ተከሉበት። ቡሎክ ወፏን የሚያጠግብ ፍሬ ለመስጠት ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። እሳቸው ያኔ ሰባን አልፈው ነበር።